የንግግር ክበብ ልደት በጎንደር፦ ድግሱን ንግግር እንዳይበላው

ማይክ የሚሸሽ ሰው የሌለበት ድግስ አስቸጋሪ ድግስ ነው። በሰርግ ላይ "እስቲ አንድ ነገር በሉ" ሲባል ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። የንግግር ክበብ ልደት ላይ ግን መሥራቹ ሁለት ቃል አለው፣ የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ሁለት ቃል አላት፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የቀድሞ አባልም ሁለት ቃል አለው። የአንዱ ሁለት ቃል አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሰባት ሰው ሲደርስ ወጡ ቀዝቅዟል፣ አዝማሪው ኩርፊያ ላይ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ነጠላቸውን አስተካክለው ወጥተዋል። ከዚህ በታች ስለ ቡናም ስንጽፍ ስለ ድምፅ ማጉያም ስንጽፍ መነሻችን ሰዓት ነው።

ልኩን የያዝነው ለ80 ሰው ነው። አንድ ክበብ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ካምፓስ፣ አንድ ከቴዎድሮስ ካምፓስ፣ አንድ ደግሞ ከከተማው ሠራተኞች ተደምረው ሲያከብሩ ከነእንግዳው እዚያ አካባቢ ይደርሳል። ሰዉ ከዚህ ካነሰ ወይም ከበዛ ምግቡን በነፍስ ወከፍ አስሉት። ሰዓቱን ግን አትንኩት፤ ለ40 ሰውም ለ150 ሰውም መድረኩ ላይ የሚቆየው ያው አንድ ሰው ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። ብዙ ክበቦች ልደታቸውን የሚቆጥሩት ከተመሠረቱበት ቀን ነው። የቶስትማስተርስ (የንግግር ክበቦች ዓለም አቀፍ ድርጅት) አባል የሆኑት ደግሞ ሰርተፍኬታቸው ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ይይዛሉ። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ የሚውልበት ዓመት ከሆነ፣ እስከ የካቲት 21 ድረስ ቀኑ በአንድ እንደሚንሸራተት አትርሱ። ባነር ከታተመ በኋላ "ይሄ እኮ የትናንት ቀን ነው" የሚል አባል አይጠፋም። ለማንኛውም ልደቱ ታቦት አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢገፋ የሚቀየም የለም። ጎንደር ውስጥ መግፋት የሚያስፈልግባቸው ወቅቶች የታወቁ ናቸው። ከገና እስከ ጥምቀት ሆቴሉ በእንግዳ ይሞላል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት እሑዶች ደግሞ የሰርግ ናቸው፤ አዳራሽ ብታገኙ እንኳ ዋጋው የሰርግ ዋጋ ነው። ኅዳር 6 የቁስቋም፣ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የሥላሴ ንግሥ ነው። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ስለሆነ፣ አዳራሹ ካለበት ሰፈር የሚነግሠው ታቦት መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ መንገዱ ይዘጋል፣ አባላትም ይቀራሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ የጎንደር ዝናብ ሲወርድ ምንም ዓይነት ድምፅ ማጉያ አያድናችሁም፤ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ረመዳን ከሆነ የምሳ ድግስ አይታሰብም።

ጥሩው ጊዜ ጥቅምት ወይም ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ነው። በኀምሳው ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ምግቡ ይቀላል። ከሳምንቱ ቀናት እሑድን እንመርጣለን፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9። ማታ ማድረግ ያምራል የሚል አባል ሁልጊዜ አለ፤ አትስሙት። ከአዘዞ የመጣ ሰው ከመሸ ባጃጅ አያገኝም፣ ሴት አባላት ከ12 ሰዓት በፊት መሄድ ይጀምራሉ፣ የመጨረሻውን ንግግር የሚሰማው ወንበር ብቻ ይሆናል። እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ግን ቅዳሴ ወጥቷል፣ ምሳም ልክ 6 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ የሙስሊም አባላት የዙሁር ሶላት ከምሳው እረፍት ጋር ይገጥማል። ለሶላት የምትሆን አንዲት ንጹሕ ክፍልና ውሃ አዳራሹን ስትከራዩ አብራችሁ ጠይቁ፤ በዕለቱ መፈለግ ያሳፍራል።

አዳራሽ ስታዩ ባዶውን አታድንቁ። መሐሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተመልሶ ከመጣ ንግግሩም ይመለሳል። የሴራሚክ ወለልና መስታወት የበዛበት አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል፤ መጋረጃ ቢጨመር፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ቢነጠፍ፣ ሰውም ሲሞላ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከዚያ መስኮቱን እዩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ ፕሮጀክተር አይታይም። ዋጋ ሲነግሯችሁ "ቫት ጨምሮ ነው? የአገልግሎትስ?" በሉ። 15 በመቶ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ ከላይ ሲመጣ ባጀቱ ከሩብ ያላነሰ ይዘላል። ውሉ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ይጻፍ፤ "እሑድ" ሳይሆን "እሑድ ከ1፡00 እስከ 10፡00"። ከናንተ በፊት ሌላ ፕሮግራም ካለ ወንበር ለመደርደር የምታገኙት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ለቀበሌው ወይም ለክፍለ ከተማው ስብሰባውን በደብዳቤ አሳውቁ፤ የዩኒቨርሲቲ ክበብ ከሆናችሁ በተማሪዎች ጉዳይ በኩል ይሂድ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ኪስ ውስጥ መኖሩ በር ላይ የሚነሳን ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ይዘጋል።

ስምንት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አሥር ሰው። ቁጥር ከመለጠፍ ስም ስጧቸው፤ ፋሲል፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ፣ ቁስቋም፣ ራስ ግንብ። ስምንቱም ከተማው ውስጥ የቆሙ ግንቦች ናቸው፤ እንግዳው ሲቀመጥ ጨዋታው ከራሱ ይጀምራል። የየክበቡን አባላት አደባልቁ፤ ካልተደባለቁ የማራኪዎቹ ከማራኪዎቹ ጋር ተቀምጠው ድግሱ ሦስት ድግስ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። የምንጠቀምበት የሰዓት አያያዝ ከቶስትማስተርስ የመጣ ነው። ራልፍ ስመድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 ካሊፎርኒያ ሳንታ አና ውስጥ ከጀመረው ክበብ የተዘረጋው ድርጅት ለየንግግሩ ወሰን አለው፤ የተዘጋጀ ንግግር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ድንገተኛ ርዕስ (ሳይዘጋጁ እዚያው በተሰጠ ርዕስ መናገር) ከ1 እስከ 2፣ ግምገማ ከ2 እስከ 3። ዝቅተኛው ደቂቃ ሲሞላ አረንጓዴ፣ መሐል ላይ ቢጫ፣ ከፍተኛው ሲሞላ ቀይ ይታያል፤ ለ7 ደቂቃው ንግግር 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው ደቂቃ ላይ። ቀለማቱ የባንዲራችን በመሆናቸው እዚህ አገር ቅደም ተከተሉ የሚጠፋው ሰው የለም። መብራት ከሌላችሁ የደብተር መጠን ያለው ባለ ቀለም ካርቶን ይበቃል። ሰዓት ያዧን ግን ፊት ወንበር ላይ አታስቀምጧት። ፎቶ አንሺውና ቪዲዮ ቀራጩ ፊቷ ይቆማሉ፤ ተናጋሪው ቀዩን ያላየው ሆን ብሎ ይሁን ተጋርዶበት ሳይታወቅ ይቀራል። አዳራሹ መሐል፣ መተላለፊያው ጠርዝ ላይ ከፍ ያለ ወንበር ስጧት።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጋችሁ ዘርጉት፦

3፡30 በር ይከፈታል፤ ፈንዲሻ፣ ውሃ፣ የስም ባጅ
4፡00 ምርቃት፣ ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ሁለቱም ተደምረው 10 ደቂቃ
4፡10 የክበቦቹ ታሪክ ከፎቶ ጋር፣ 7 ደቂቃ፣ አንድ ተናጋሪ
4፡20 ሁለት የተዘጋጁ ንግግሮች
4፡40 ድንገተኛ ርዕስ፣ ስድስት ሰው
5፡05 በላ ልበልሃ
5፡20 ግምገማና የእንትን ቆጣሪ (የመደናቀፊያ ቃላት ቆጣሪ) ሪፖርት
5፡30 የጋራ ፎቶ
6፡00 ምሳ
7፡00 አዝማሪ
7፡40 ሰርተፍኬትና የክብር እንግዳ
8፡00 ድፎ መቁረስ
8፡10 ቡናና እስክስታ እስከ 9፡00

የደቂቃዎቹን ድምር ያየ ሰው ከምሳ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ባዶ እንደተተወ ይገባዋል። የተተወው ሆን ተብሎ ነው። ያንን ቀዳዳ የፕሮግራም ኮሚቴው አይቶ "አንድ ሰው እንጨምር" ይላል፤ አትጨምሩ። ማይክ ሲያልቅበት፣ መብራት ሲሄድ፣ ሽማግሌው ምርቃቱን ሲያስረዝሙ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

ጥሪው ላይ እውነተኛውን ሰዓት ጻፉ። ሰው ይዘገያል ብሎ 3 ሰዓት ብሎ መጻፍ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ግን አንዴ የነቃ እንግዳ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሰዓት ይቀንስላችኋል። ይልቅ "በር 3፡30፣ መጀመሪያ 4፡00፣ ምሳ 6፡00" ብላችሁ ሦስቱንም አትሙ። የምሳው ሰዓት የታወቀበት ፕሮግራም ላይ ሰው ይታገሣል፣ ቶሎም ይመጣል። 4 ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ብቻ ቢኖርም ጀምሩ።

የክብር እንግዳ ከመክፈቻው ላይ ይነሳ። መርሐ ግብር ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ዋነኛው "እየመጡ ነው፣ መንገድ ላይ ናቸው" የሚባል ነገር ነው። 7፡45 ላይ ስታደርጉት ቢዘገዩም ምሳ ተበልቷል፣ ባይመጡም የጎደለ ነገር የለም። ደብዳቤው ላይ "ከ7፡45 ጀምሮ ለ3 ደቂቃ መልእክት እንዲያስተላልፉልን" ተብሎ ይጻፍ። ተወካይ ሲልኩ ተወካዩ ስድስት ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ጽሑፉን ከሦስት ቀን በፊት ጠይቃችሁ ሙሉውን መጽሔታችሁ ላይ አውጡት፣ መድረክ ላይ አንድ አንቀጽ ይነበብ። የምስጋና ዝርዝርም እንዲሁ ይታተም እንጂ አይነበብ። ሲነበብ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ ያም ሆኖ አንድ ሰው መረሳቱ አይቀርም፤ ያ ሰው ደግሞ ወንበር ያዋሰው ነው።

ምርቃት ላይ ቀይ ካርድ አይወጣም፤ ነውር ነው። ሽማግሌውን መድረክ መሪው አስቀድሞ ሄዶ "አባቴ፣ አጠር አድርገው ይመርቁልን፣ ልጆቹ ሥራ አለባቸው" ይበላቸው። ካስረዘሙ መድረክ መሪው ቀስ ብሎ ወደ መሐል ይጠጋና ጎንበስ ብሎ ጮክ ያለ "አሜን!" ይላል፤ አዳራሹ በሙሉ ይከተላል፣ ጭብጨባውም ይዘጋዋል። ሽማግሌው አልተቋረጡም፣ ተመርቀናል።

ስለ ድንገተኛ ርዕስ። በበዓል ቀን ርዕሱ ከፖለቲካ፣ ከብሔርና ከሃይማኖት ይራቅ፤ ይህን ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ርዕሱ ጠቅላላ ሲሆን እንደሚሞት ነው። "ስለ ጓደኝነት ተናገር" የተባለ ሰው እ... ብሎ ይጀምራል። "ፒያሳ ባጃጅ ስትጠብቅ አፄ ፋሲል ከኋላህ ቢሰለፉ ምን ትላቸዋለህ?" የተባለ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት አዳራሹ ስቆለታል። ከስድስቱ ሁለቱ አዲስ አባላት፣ ሁለቱ አንጋፋ፣ ሁለቱ እንግዳ ይሁኑ። እንግዳውን ሳይጠይቁ መጥራት አይገባም፤ ከምዝገባው ጠረጴዛ "ፈቃደኛ ነዎት?" ተብሎ ስሙ ይያዝ። ድንገተኛ መሆን ያለበት ርዕሱ እንጂ ጥሪው አይደለም።

በመሐል ማሟሻ ካስፈለገ እንካ ሰላንትያ አለላችሁ፤ ዝግጅት አይፈልግም፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። "እንካ ሰላንትያ!" "በምንትያ?" "በሰዓት!" "በሰዓት ምን አለህ በሰዓት?" "አንተ ንግግር ስትጀምር ምሳችን ሆነ እራት!" መድረክ መሪውና ሰዓት ያዧ ቢጫወቱት ለቀኑ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።

በላ ልበልሃ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። የድሮው የችሎት ሙግት ነው፤ ተሟጋቾች ዱላ ይዘው፣ ጋቢ ለብሰው፣ በማር በፈረስ እየተወራረዱ ዳኛ ፊት የሚከራከሩበት። ለሁለት ተናጋሪ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ ለመልስ አንድ አንድ ደቂቃ፣ ለዳኛው ፍርድ ሁለት። ክርክሩ ከክበቡ ሕይወት ይውጣ፦ "ጽፎ ማንበብ ይሻላል ወይስ በቃል መያዝ"፣ "ስብሰባ የጠዋት ወይስ የማታ"። የሚበላሸው ሁለቱ ተከራካሪዎች ቀልዱን ትተው የምር ሲናደዱ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ክበብ የወጡ ሁለት ሰዎችን አጋጥሙ እንጂ ክበብን ከክበብ ጋር አታጋጥሙ። ዱላውን ሲወዘውዙ ማይክ የሚይዝ እጅ አይኖራቸውም፤ የደረት ማይክ ከሌለ ባለ መቆሚያ ማይክ ይቁምላቸው።

እንትን ቆጣሪ ሥራው "እ..."፣ "እንትን"፣ "ማለት ነው"፣ "ምን ይባላል"፣ "ያው" እያለ የሚደናቀፈውን መቁጠር ነው። በዓል ላይ ከየቃሉ አንድ ብር የሚጣልባት ግልጽ ማሰሮ መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ። ሪፖርቱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፤ እንግዳና ሽማግሌ አይቆጠሩም። "ማለት ነው"ን መቁጠር ሲጀመር ግማሹ አዳራሽ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ድምፅ። ሁለት ገመድ አልባ ማይክ፣ አንድ ባለ ገመድ፣ ለእያንዳንዱ ገመድ አልባ ሁለት ዙር አዲስ ባትሪ። ባትሪው ከሱቅ ሲገዛ ቀኑ ይታይ፤ ርካሹ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ላይ ድምፁን መቆራረጥ ይጀምራል፣ ሰው ግን ጥፋቱን በማጉያው ያላክካል። ማይክ የሚጮኸው ከድምፅ ማጉያው ፊት ሲሆን ነው፤ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይኩ ይገባል። ማጉያዎቹ ከተናጋሪው ፊት ቀድመው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቁሙ። ተናጋሪው ማይኩን ከአፉ ግማሽ ስንዝር ይያዝ፤ እደረቱ ላይ ከያዘው ባለሙያው ድምፅ ይጨምራል፣ ጩኸቱ ያን ጊዜ ይመጣል። ሙከራው ቅዳሜ ይሁን፣ እሑድ ጠዋት አይደለም።

መብራት እንደሚሄድ ቁጠሩት። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ጄኔሬተር ማጉያውን፣ ፕሮጀክተሩንና አምፖሉን ይችላል። የማይችለው የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ነው። ወጥ ቤቱ ሳይነገረው ምድጃ ይሰካል፣ ጄኔሬተሩ ይታፈናል፣ ንግግሩም ይቆማል። ለወጥ ቤቱ "ምድጃ በጄኔሬተር አይሰካም" ተብሎ ይነገር፣ ማከፋፈያውም ይለጠፍበት። ጄኔሬተሩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይቁም፣ ጭሱም ከመስኮት ተቃራኒ ይሁን። ነዳጁ ከሁለት ቀን በፊት ይገዛ፤ በጀሪካን መቅዳት ሁልጊዜ አይሳካም። ላምፓ ያለው ፕሮጀክተር መብራት ሲሄድበት ቀዝቅዞ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ የፎቶ ታሪኩን የሚያቀርበው ሰው ያለ ፎቶ መናገር የሚችል ይሁን።

ፎቶዎቹን በፓወር ፖይንት ይዛችሁ ስትመጡ የአዳራሹ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደሉን ባዶ ሣጥን አድርጎ ያሳያችኋል። በፒዲኤፍ ወይም በቪዲዮ አስቀምጡት፣ በሁለት ፍላሽ ያዙት። ሠላሳ ፎቶ በቂ ነው፤ መቶ ፎቶ ሲሆን ሰው የራሱን እየጠበቀ የሌላውን አያይም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር እንመክራለን፤ ዋናው ጠረጴዛ የጾም ይሁን። ቀኑ የፍስክ ቢሆንም። የክርስቲያን ሥጋ ሙስሊሙ አይበላም፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይበላም። የጾም ወጥ ግን ሁሉንም ያገናኛል። ሥጋ ካስፈለገ ሁለት ትናንሽ ድስት፣ ከሁለት የተለያየ ቤት የተሠሩ፣ በሁለት ተለያይተው በቆሙ ጠረጴዛዎች፣ የየራሳቸው ጭልፋ ይዘው፣ በትልቁ ተጽፎባቸው ይቅረቡ። ለእያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ሥጋ ይበቃል። ዶሮ ወጥ ማሰብ አያስፈልግም፤ ዶሮ 12 ብልት ነው፣ 80 ሰው ሰባት ዶሮ ይፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሲከተፍ ሦስት ሰው ሌሊቱን ያድራል።

ለ80 ሰው የጾሙ ልክ እንዲህ ነው፦ ምስር ክክ 5 ኪሎ፣ አተር ክክ 4፣ የሽሮ ዱቄት 3፣ ጎመን 10፣ ድንች ካሮትና ጥቅል ጎመን ተደምሮ 12፣ ሽንኩርት 15 ኪሎ፣ ዘይት 7 ሊትር፣ በርበሬ 1 ኪሎ ተኩል። እንጀራ 170። እንጀራው በትኩሱ ከተደራረበ ይጣበቃል፤ ቀዝቅዞ ይምጣ፣ ግማሽ ግማሽ ተቆርጦ ይጠቅለል፣ የሚጣለውም ይቀንሳል። ሽሮው መጨረሻ ላይ ይሠራ፤ ሲቆይ ይጠጥራል።

ወጥ ሠሪዋን ስትጠይቁ "እትዬ፣ ወጡ ይደርሳል?" አይባልም። "ይደርሳል ልጄ፣ ምን አስጨነቀህ" ይላሉ፤ ይህ መልስ አይደለም። "እትዬ፣ 5 ሰዓት ላይ መጥቼ ብቀምስ የትኛው ድስት ይወርዳል?" በሏቸው። ያን ጊዜ እውነቱ ይወጣል፦ "ምስሩ ወርዷል፣ ጎመኑ እሳት ላይ ነው፣ አተሩ ገና።" አንድ የኮሚቴ አባል ከ3 ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤት ይዋል፤ ሥራው ማብሰል ሳይሆን ለመድረክ መሪው በየግማሽ ሰዓቱ መልእክት መላክ ነው።

ምግቡ የሚነሳበት ጠረጴዛ ከግድግዳ ይራቅና ሰው በሁለቱም ጎን ይሰለፍ። በአንድ ጎን ከሆነ 80 ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ በሁለት ጎን በግማሹ ያልቃል። የእጅ መታጠቢያው ከሰልፉ መነሻ ላይ ይሁን እንጂ ከመጨረሻው አይሁን፤ ቧንቧው ውሃ ባይኖረውስ ብላችሁ ሁለት በርሜል አስሞሉ። ለስላሳ አምስት ሣጥን፣ 120 ጠርሙስ ማለት ነው፤ ውሃ 100 ጠርሙስ። የለስላሳው ባዶ ጠርሙስ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የሚጎድለው ከመያዣው ይቆረጣል። ጠርሙስ የሚሰበስብ አንድ ሰው በስም ይመደብ።

ኬክ የጾም ነው አይደለም የሚል ክርክር ያመጣል፣ ለ80 ሰው 8 ኪሎ ያስፈልጋል፣ በባጃጅ ሲመጣም ይንሸራተታል። በየአንዳንዱ 4 ኪሎ ዱቄት የገባበት ሁለት ድፎ ዳቦ ይበቃችኋል፤ ያምራልም፣ በኮባ ቅጠሉ ሽታ ብቻ ሰውን ወደ መድረኩ ይጠራል። ሻማው ላዩ ላይ ይሰካል። ድፎው ቅዳሜ ማታ ተጋግሮ ይደር፤ ትኩስ ድፎ ሲቆረስ ይፈረፈራል።

አዝማሪ ጥሩ። መሰንቆ ይዞ የቆመው ሰው አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ ድንገተኛ ተናጋሪ ነው፤ ለናንተ ክበብ ጌጥ ሳይሆን መምህር ነው። ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ተስማሙ፤ የሊቀመንበሮቹንና የእንግዶቹን ስም፣ ሊነካ የማይገባውንም ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማት ጊዜ ይበላል፤ አንድ ሳህን መሐል ላይ አድርጉ። ሁለተኛው ሃያ ደቂቃ የ"ተቀበል" ይሁን። ምሳ ላይ ለየጠረጴዛው አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጥ፤ ጠረጴዛው ተመካክሮ ሁለት ስንኝ ይገጥማል፣ ወኪሉ ተነስቶ "ተቀበል!" ብሎ ይሰጣል፣ አዝማሪው ያዜመዋል። እንዲህ ያለ፦

እንትን፣ እንትን ሲል የከረመው ልጅ፣
ቃሉ ተትረፍርፎ ሞላው የሰው ደጅ።

ስምንት ጠረጴዛ፣ ስምንት ግጥም፣ ሃያ ደቂቃ። ከቀኑ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው ይህችን ነች ብንል አልተጋነነም።

ሰርተፍኬት ላይ ስም የሚሳሳተው በፊደል ነው። ዓለም ነው አለም? ፀሐይ ነው ጸሐይ? ሠናይት ናት ሰናይት? ባለቤቱ እንዴት እንደሚጽፈው ራሱ በእጁ ይጻፍላችሁና እሱ ይገልበጥ። አርባ ሰው አንድ በአንድ ተጠርቶ፣ ተጨባብጦ፣ ፎቶ ሲነሳ ሃያ ደቂቃ ይሞላል፤ አምስት አምስት አድርጋችሁ ጥሩ። የቶስትማስተርስን አርማ ቲሸርት ወይም ስጦታ ላይ ለማሳተም ያሰባችሁ ክበቦች ድርጅቱን አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የጋራ ፎቶው ቀትር አካባቢ ስለሆነ ፀሐዩ ከዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፤ የሕንፃው ጥላ ያለበትን ጎን ምረጡ። ፋሲል ግቢ ውስጥ መነሳት ካማራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባላት ብቻ፣ ትኬት ቆርጣችሁ ሂዱ፤ ለቪዲዮ ሥራ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለ። በበዓሉ ቀን 80 ሰው ወደ ግቢው ወስዶ መመለስ ሁለት ሰዓት ነው።

ቡና መጨረሻ የሆነው በምክንያት ነው። ዕጣንና የሚቆላ ቡና ጭስ የተናጋሪን ጉሮሮ ይይዛል፤ የመጨረሻው ንግግር ሳያልቅ ማጨሻው አይነሳ። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ አመድ እስኪለብስ ይቆይ፣ ሲገባም መስኮት ይከፈት፤ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ከሰል ራስ ያዞራል፣ ከዚያም በላይ ያደርሳል። አንድ ጀበና 12 ሲኒ ያህል ይቀዳል። 80 ሰው ሁለት ሁለት ሲኒ ሲጠጣ 14 ጀበና ማለት ነው፤ በአንድ ጀበና ከሆነ እስከ ማታ አይደርስም። ሦስት ጀበና፣ ሦስት የከሰል ምድጃ፣ በፔርሙዝ የተፈላ ውሃ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥሬ ቡና፣ 2 ኪሎ ስኳር፣ 90 ሲኒ አዘጋጁ። ቡናው አዝማሪው ሲጫወት ውጭ ይቆላ፤ ለወጉ ያህል አንድ ምጣድ ብቻ አዳራሹ ውስጥ ይዞራል። ቄጤማው ያማረ ነው፣ ግን ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ መድረክ መውጫው ላይና ገመድ በሚያልፍበት አይጎዝጎዝ።

9፡00 ላይ ሙዚቃው ይቁም፣ ሲኒውም ጠርሙሱም ይቆጠር፣ የተረፈው ምግብ ለማን እንደሚሄድ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። ሒሳቡ በሳምንቱ ውስጥ ከነደረሰኙ ለሦስቱም ክበቦች ይቅረብ። ሰዓት ያዧ የያዘችው ወረቀት ግን አይጣል፤ በቃለ ጉባኤው መዝገብ ውስጥ ይለጠፍና ከታቀደው ሰዓት ጎን በእውነት የሆነው ይጻፍበት፤ ምርቃት 3 ተብሎ 8፣ ምሳ 6፡00 ተብሎ 6፡10፣ በላ ልበልሃ 15 ተብሎ 22። የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ገጽ ነው።